የእግርና የጣት ችግር ያለበት ጫጩት አያያዝ

መግቢያ

የአንድ ቀን ጫጩቶችን ተረክቦ የሚያሳድግ፣ ወይም በእናት ዶሮ የሚያስፈለፍል አርቢ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ የሚገጥመው ነገር አለ። ጠዋት ሲገባ አንዱ ጫጩት እግሮቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘርግቶ በደረቱ ተኝቶ ያገኘዋል። ሌላው ጣቶቹ ታጥፈው እንደተጨበጠ እጅ ሆነዋል። ብዙ ጊዜ «ይህ አይድንም» ተብሎ ይተዋል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀንም ይሞታል። ከእነዚህ ጫጩቶች መካከል በጊዜ ቢደረስላቸው መዳን የሚችሉ ብዙዎች ናቸው። የሚያስፈልገውም የቁስል ፕላስተር፣ ቁራጭ ኬሻ፣ ንጹሕ ውሃና የጥቂት ቀናት ክትትል ነው።

ነገር ግን የእግር ችግር ሁሉ አንድ አይደለም። በፕላስተር የሚስተካከል አለ። መኖው ካልተስተካከለ በቀር ምንም ቢያስሩት የማይድን አለ። የመላውን መንጋ በሽታ ቀድሞ የሚጠቁምም አለ። ስለዚህ ከማሰርም ሆነ መድኃኒት ከመግዛት በፊት መለየት ይገባል።

መጀመሪያ ይቁጠሩ

የታመመውን ጫጩት አንስተው እግሩን ከማገላበጥዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ፤ እንዲህ የሆኑት ስንት እንደሆኑና ዕድሜያቸው ስንት ቀን እንደሆነ። ችግሩ በተፈለፈሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በአንድ ጫጩት ላይ ብቻ ከታየ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አፈላፈሉ ወይም አደጋ ነው። በእነዚሁ ቀናት ሦስት አራት ጫጩቶች በአንድ ጊዜ እግራቸው ከከዳቸው ወለሉን ይመርምሩ። ከ10 ቀን በኋላ ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ መኖውን ይጠርጥሩ። በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ከእግሩ ችግር ጋር ተቅማጥ፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ የጭንቅላት መንቀጥቀጥ ወይም ድንገተኛ ሞት ከታየ ጉዳዩ የእግር ጉዳይ አይደለም፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጠራት አለበት።

ይህን ሳይለዩ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በአንድ ሥልጠና ላይ ያገኘናት አንዲት እናት ጫጩቶቿ እግራቸው ሲከፈት በሽታ መስሏት ሁለት ዓይነት ፀረ ተሕዋስያን ገዝታ በውሃቸው ሰጥታ ነበር። ለማጠብ እንዲመቻት ብላ የጫጩቶቹን ቤት ወለል በላስቲክ ሸፍናው ኖሯል። የዳነው ችግር ላስቲኩ ከተነሣ በኋላ ነው፤ መድኃኒቱ ምንም አልጨመረም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ከእንቁላሉ ገና የወጣ እርጥብ ጫጩት ቢንገዳገድና ቢወድቅ ጤነኛ ነው። ላባው እስኪደርቅና እስኪበረታ ጥቂት ሰዓታት ይስጡት። ጤነኛ ጫጩትም አልፎ አልፎ በጉልበቱ ቁጭ ብሎ ያርፋል። ሲነኩት ተነሥቶ ከሮጠ ይተዉት።

ከሁሉ በፊት ውሃና ሙቀት

ጫጩት ከእንቁላሉ ሲወጣ የአስኳሉን ቅሪት በሆዱ ይዞ ይወጣል። ይህ ስንቁ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያቆየዋል። አርቢውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። እግሩ የተከፈተ ጫጩት በመጀመሪያው ቀን ይጮኻል፣ ዓይኑም ብሩህ ነው፤ ስለዚህ ደህና ይመስላል። ወደ ውሃውና ወደ መኖው ግን አልደረሰም። ስንቁ ሲያልቅ በሦስተኛው ቀን ድንገት ይደክማል። የገደለው እግሩ ሳይሆን ጥማቱና ረሃቡ ነው። ስለዚህ የእግሩን ምክንያት እየፈለጉ ሳለ ውሃ ማጠጣቱ መቅደም አለበት።

ውሃ ሲያጠጡ አፉን ከፍተው አያፍሱበት፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። ጣትዎን ወይም ንጹሕ ቁራጭ ጥጥ ለብ ባለ ውሃ ነክረው ጠብታውን በምንቃሩ ጎን ያስነኩት፤ ራሱ ይውጠዋል። በየሁለት ሰዓቱ ይደጋግሙት። ራሱ መጠጣት ሲጀምር ውሃውን ጠለል ባለ ክዳን አድርገው፣ ንጹሕ ጠጠሮች ጨምረውበት ከአጠገቡ ያስቀምጡ። ጠጠሩ የሚጨመረው እግሩ የማይይዘው ጫጩት ጥቂት ውሃ ውስጥም ቢሆን ወድቆ ሊሰጥም ስለሚችል ነው። መኖውንም በውሃ ራስ አድርገው በምንቃሩ ትይዩ ያቅርቡለት፤ የራሰው መኖ ቶሎ ስለሚኮመጥጥ በየጥቂት ሰዓቱ ይለውጡት።

የታመመውን ከሌሎቹ መለየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ይረጋገጣል፣ ይጠቀጠቃል። ነገር ግን ብቻውን የተለየ ጫጩት ይበርደዋል። በተለይ ያለ መብራት በሣር ሳጥን የሚያሳድጉ አርቢዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ሳጥኑ የሚሞቀው ጫጩቶቹ ተቃቅፈው በሚያወጡት የራሳቸው ሙቀት ነውና። ትንሽ ካርቶን ያዘጋጁ፣ ሙቅ ውሃ የሞሉበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው በአንድ ጎኑ ያስቀምጡ፣ ሲቀዘቅዝም ይቀይሩት። አንድ ጤነኛና ረጋ ያለ ጫጩት ጓደኛ ይሁነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። ቴርሞሜትር የሌለው አርቢ ድምፃቸውን ይስማ፤ ሲበርዳቸው ተከማችተው በከፍተኛ ድምፅ ይጮኻሉ፣ ሲሞቃቸው ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ።

እግሩ ወደ ጎን የተከፈተ ጫጩት

ይህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በብዛት የሚታየው ችግር ነው። ጫጩቱ ሊቆም ሲሞክር አንዱ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። አጥንቱ አልተሰበረም፣ ጅማቱም አልተበጠሰም፤ ጡንቻውና መገጣጠሚያው ገና ስላልጠነከረ እግሩ በሚያዳልጥ ነገር ላይ ቦታውን መያዝ አልቻለም። ጋዜጣ፣ ልሙጥ ካርቶን፣ ላስቲክና ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ለጫጩት እንደ በረዶ ናቸው። በማስፈልፈል ጊዜ የሙቀትና የእርጥበት መዛባትም ያንኑ ሊያስከትል ይችላል።

ሕክምናው ሁለቱን እግሮች በትክክለኛ ርቀት አገናኝቶ ማሰር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛውን የቁስል ፕላስተር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አድርገው ይቁረጡ። አንድ ሰው ጫጩቱን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ እግሮቹን ብቻ አውጥቶ ይያዝ። ፕላስተሩ የሚታሰረው ላባ በሌለው ቀጭኑ የእግሩ ክፍል፣ ከጣቶቹ በላይና ከጉልበቱ በታች ነው። (በዶሮ ላይ በተለምዶ ጉልበት የምንለው ላባው የሚያበቃበትን መገጣጠሚያ ነው፤ በዚህ ጽሑፍም ቃሉ የገባው በዚሁ ትርጉም ነው።) በአንዱ እግር ዙሪያ አንድ ጊዜ ይጠምጥሙ፣ ወደ ሌላው ያሻግሩ፣ እዚያም ጠምጥመው ይመልሱት፤ በመካከል የሚቀረው ፕላስተር ፊትና ጀርባው ተጣብቆ እንደ ድልድይ ይሆናል።

የድልድዩ ርዝመት ዋናው ነገር ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በለጥ ያለ ለአንድ ቀን ጫጩት ይበቃል፤ ከዚህ የሚሻለው መለኪያ ግን የቆመ ጤነኛ ወንድሙ ነው። በሁለቱ እግሮቹ መካከል ያለውን ርቀት አይተው ያንኑ ያህል ይተዉ። እጅግ ካጠበቡት ወደ ፊት ይደፋል፣ ካሰፉት ጥቅም የለውም። እግሮቹ በጣም ተከፍተው ከሆነ በአንድ ጊዜ ወደ ቦታቸው አያስገድዷቸው፤ ዛሬ ሰፋ አድርገው ያስሩ፣ ነገ ጠበብ ያድርጉት። ፕላስተሩ የእግሩን ዙሪያ ማነቅ የለበትም። ከታሰረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቶቹን ይመልከቱ፤ ካበጡ ወይም ከጠቆሩ ወዲያው ይፍቱት። በክር፣ በሲባጎ ወይም በላስቲክ ማሰሪያ በፍጹም አይሰሩ፤ ቀጭን ነገር ቆዳውን ይቆርጣል።

ፕላስተር ከሌለ ለዕቃ ማጠቢያ ከሚሆን አዲስ ስፖንጅ ትንሽ ቁራጭ ወስደው ሁለት ቦታ ሰንጥቀው እግሮቹን በስንጥቁ ማስገባት ይቻላል።

የታሰረ ጫጩት መጀመሪያ ይደናገጣል፣ ይገለበጣል። በጀርባው ወድቆ ራሱን ማንሣት ስለማይችል የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን አይራቁት። ወለሉ ኬሻ ወይም ሻካራ ጨርቅ ይሁን። በቀን አራት አምስት ጊዜ በእጅዎ ደረቱን ደግፈው እግሮቹ መሬት እየነኩ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ያቁሙት፤ እግሩ የሚጠነክረው ክብደቱን መሸከም ሲለማመድ ነው። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ፕላስተሩን በለብ ውሃ አርሰው ፈትተው ቆዳውን ይመልከቱ፣ እንዴት እንደሚቆምም ይሞክሩት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የተጀመረ ሕክምና ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ውጤት ያሳያል። ሳምንት ካለፈው በኋላ የተጀመረ ግን አጥንቱ እየጠነከረ ስለሚሄድ የመዳን ዕድሉ በጣም ያንሳል። «እስኪ ነገ ልየው» የሚባለው ነገር ጫጩቱን የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው።

በተመሳሳይ ጊዜ የሌሎቹን ወለል ይለውጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጉዝጓዙ በላይ ኬሻ ማንጠፍ ጥሩ ነው፤ ጫጩቶቹ ይቆነጥጡበታል፣ ጉዝጓዝ ከመብላትም ይጠበቃሉ። ከዚያ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የጤፍ ወይም የስንዴ ገለባ፣ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይበቃል። የኬሻው ጠርዝ የተተለተለ ከሆነ ግን ክሩን ቆርጠው ያስወግዱት፤ ምክንያቱን ከታች እናያለን።

ጣቶቹ የታጠፉ ወይም የተጣመሙ

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው ሲፈለፈል ጀምሮ የሚታይ የጣት መጣመም ነው። ጫጩቱ ብርቱ ነው፣ ይበላል፣ ነገር ግን አንዱ ጣቱ ወደ ጎን ዞሯል ወይም ከሥር ታጥፏል። ለዚህ ትንሽ ጫማ ይሠራለታል። ጠንከር ያለ ካርቶን ከእግሩ ትንሽ ሰፋ አድርገው ይቁረጡ፣ ጣቶቹን እንደ ጤነኛ ጫጩት ዘርግተው ካርቶኑ ላይ ያስቀምጡ፣ በቀጭን ፕላስተር ከላይና ከታች ይያዙት። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ካርቶኑ ከራሰ ወይም ከቆሸሸ ይቀየር። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ከተሠራ ጣቱ ቶሎ ይታዘዛል።

ሁለተኛው የቪታሚን ቢ2 እጥረት ነው። ጫጩቱ ደህና ተፈልፍሎ፣ ደህና ሰንብቶ፣ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ጣቶቹ ወደ ውስጥ መጨበጥ ይጀምራሉ። መራመድ ሲፈልግ በጉልበቱ ይሄዳል፤ ዕድገቱም ይቀንሳል። ነርቩ ስለተጎዳ ጫማ ቢሠራለት አይጠቅመውም። ብዙውን ጊዜ የሚታየው በቆሎ ክክ፣ ማሽላ ወይም የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ በሚመገቡ ጫጩቶች ላይ ነው፤ እህል ይህ ቪታሚን በበቂ መጠን የለውም። በመኖ መሸጫ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ወይም የተከፈተ መኖም ቪታሚኑ ይጠፋል፤ ቢ2 ብርሃን አይችልም።

ሕክምናው ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኝ በውሃ የሚበጠበጥ ቪታሚን ነው። መጠኑ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መሠረት ይሁን፤ በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ፣ ፀሐይ አያግኘው። የታመመው አንድ ብቻ ቢሆንም የሚሰጠው ለሁሉም ነው፤ ሁሉም የበሉት ያንኑ መኖ ነውና። ቪታሚኑ እስኪገኝ ድረስ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ፈርፍረው፣ ትኩስ አጓት በጥቂቱ፣ እንዲሁም አልፋልፋ ወይም ጎመን አድቅቀው ከትፈው ይስጡ። ቶሎ የተደረሰለት ጫጩት በጥቂት ቀናት ጣቱን ይዘረጋል። ለሳምንታት የቆየ ከሆነ ግን ነርቩ አይመለስም፤ የቀሩት ግን ይተርፋሉ።

ክርና ጭቃ

አንድ እግሩ ብቻ ያበጠ፣ ወይም እያነከሰ የሚሄድ ጫጩት ካዩ በሽታ ከማለትዎ በፊት ብርሃን ላይ አውጥተው እግሩን በጥንቃቄ ይመልከቱ። የኬሻ ክር፣ የቃጫ ጭራሽ ወይም የሰው ፀጉር በጣቱ ወይም በእግሩ ዙሪያ ተጠምጥሞ ሊሆን ይችላል። እብጠቱ ስለሚሸፍነው በቀላሉ አይታይም። በለብ ውሃ አርሰው በትንሽ መቀስ ወይም በመርፌ ጫፍ ቀስ ብለው ይበጥሱት፣ ቦታውን በጨው ውሃ አጥበው ያድርቁት። በአንድ ቀን ውስጥ ከተደረሰ እግሩ ይተርፋል፤ ከቆየ ጣቱ ጠቁሮ ይወድቃል።

በክረምት ጉዝጓዝ ሲረጥብ ኩስና ጭቃ በጣቶቹ ጫፍ ላይ እንደ እንክብል ይደርቃል። ጎትተው አይንቀሉት፤ ጥፍሩ አብሮ ይመጣል። ለአምስት ደቂቃ በለብ ውሃ ዘፍዝፈው ሲለሰልስ ያጥቡት፣ በደንብ አድርቀው ይመልሱት።

አጥንቱ የለፈሰፈሰ፣ ጉልበቱ ያበጠ

ከሁለት ሳምንት በላይ የሆናቸው ጫጩቶች በርከት ብለው መራመድ ከሰነፉ፣ በጉልበታቸው ከተቀመጡና ምንቃራቸው ሲጫኑት እንደ ላስቲክ ከተለመጠ የአጥንት መልፈስፈስ ነው። የካልሲየም፣ የፎስፈረስ ወይም የቪታሚን ዲ እጥረት ያመጣዋል። ከብርድና ከድመት ለመጠበቅ ተብሎ ጫጩት በጨለማ ክፍል ለሳምንታት ሲቆይ፣ መኖውም የተሟላ ካልሆነ፣ ይህ ይከተላል። ፀሐይ የቆዳን ቪታሚን ዲ ትሠራለች፤ ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያለፋቸውን ነፋስ በሌለበት ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል አውጥተው ያሙቁ። የሚጠለሉበት ጥላና ውሃ አጠገባቸው ይኑር፣ ከጭልፊትም ይጠበቁ። በመስኮት መስታወት ወይም በላስቲክ አልፎ የሚገባ ፀሐይ ግን ለዚህ አይሆንም።

አጥንታቸው እንዲጠነክር ብለው የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ለጫጩት የሚሰጡ አርቢዎች አሉ። ይህ ስሕተት ነው። የጫጩት መኖ የሚፈልገው 1 በመቶ ገደማ ካልሲየም ሲሆን የእንቁላል ጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ይይዛል፤ ትርፉ የጫጩቱን ኩላሊት ይጎዳል።

ሌላው ጉልበቱ አብጦ፣ ከበስተኋላው ያለው ጅማት ከቦታው ወጥቶ፣ እግሩ ከጉልበት በታች ወደ ጎን የሚጠመዘዝበት ችግር ነው። የማንጋኒዝና የቾሊን እጥረት ዋና ዋናዎቹ መንሥኤዎች ናቸው። በቆሎ ማንጋኒዝ በጣም ስለሚያንሰው በበቆሎ ብቻ የሚያድጉ ጫጩቶች ይጠቃሉ። የስንዴ ፉርሽካ ግን በማንጋኒዝ የበለጸገ ነው፤ በመኖው ውስጥ መግባቱ ለዚህም ይጠቅማል። ጅማቱ አንዴ ከወጣ በኋላ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። እዚህ ላይ የአርቢው ሥራ የታመመውን ከመታገል ይልቅ የቀሩትን ወደ ተሟላ የጫጩት መኖ መመለስ ነው። በፍጥነት የሚያድጉ የሥጋ ዝርያዎች መኖው ደህና ሆኖም ክብደታቸው ከእግራቸው ቀድሞ ሊያነክሱ ይችላሉ፤ ቦታው ሰፋ ብሎ እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ ይረዳል።

በሽታ ሲሆን

አንዱን እግሩን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ የሚተኛ ቄብ ወይም ታዳጊ የማሬክ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። መድኃኒት የለውም። ክትባቱ የሚሰጠው በአንድ ቀን ዕድሜ በማስፈልፈያ ጣቢያ ስለሆነ ጫጩት ሲገዙ «ማሬክ ተከትቧል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የመተንፈስ ችግርና የአንገት መጠምዘዝ ከእግር ሽባነት ጋር ከመጣ የፈንግል በሽታን ያስጠረጥራል። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ዕድሜ ላይ ጭንቅላታቸው እየተንቀጠቀጠ እግራቸው የሚከዳቸው ካሉም ተላላፊ ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያው የሚያቃጥልና መግል የያዘ ከሆነ ተሕዋስያን ገብተውበታል።

በእነዚህ ሁሉ ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይሂዱ። እስኪመጣ ድረስ ታማሚዎቹን ለይተው ያስቀምጡ፣ ጤነኞቹን አስቀድመው ታማሚዎቹን በኋላ ይመግቡ፣ እጅዎንና ጫማዎን ይታጠቡ። የሞተውን ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ፤ ለውሻ አይጣል። ከሁሉም በላይ «ሳይሞቱብኝ ልሽጣቸው» ብለው ወደ ገበያ አይውሰዷቸው። ከአንድ ቅርጫት የወጣ በሽታ በአንድ የገበያ ቀን ብዙ ቀበሌ ይደርሳል፤ ወደ እርስዎም ቤት ተመልሶ ይመጣል።

የማይድነውንና የሚመለሰውን መለየት

አምስት ስድስት ቀን ተንከባክበውት ምንም ለውጥ ያላሳየ፣ ውሃ ራሱ መጠጣት ያልቻለ፣ እየከሳ የሄደ ጫጩት ማቆየት ማሠቃየት ነው። በፍጥነት እንዲገላገል ማድረግ ይሻላል፤ አሠራሩን ባለሙያው ያሳይዎታል።

መራመድ የጀመረው ደግሞ ወዲያውኑ ወደ መንጋው አይጣል። ማሰሪያው ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ሳይወድቅ ሲውል፣ ጓደኛው ከሆነው ጫጩት ጋር ምሽት ላይ ሌሎቹ ሲያርፉ ያስገቡት። በማግሥቱ ጠዋት ቀድመው ይመልከቱ። ቢጠቀጥቁት ያውጡትና ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ይሞክሩ። በእናት ዶሮ የተፈለፈለ ከሆነም እንዲሁ በማታ ከክንፏ ሥር ያስገቡት፤ በቀን ግን እናቲቱ ርቃ የምትጭር ከሆነ እግሩ እስኪጠነክር ድረስ ከነጫጩቶቿ በቅርጫት ሥር ወይም በአጥር ውስጥ ትዋል።